ቀፎ ውስጥ የገባ ሰው

መጀመሪያ ያየሁት በጀርባው ተንጋሎ፣ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሲስቅ ነው።

በፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ቃለ መጠይቅ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከምድር ቤት የመጣ ፍንዳታ መስኮቶቹን አርገፈገፋቸው። አጠገቤ የነበሩት አመልካቾች ወደ ውጭ ሮጡ። እኔ ለምን ወደ ታች እንደ ሮጥኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደረጃውን ስጨርስ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፤ ወለሉ ላይ መስታወት ረግፏል፤ ከመስታወቱ መሃል አንድ ረጅም ቀጭን ወጣት ተዘርሯል። ከአንገቱ ደም ይወርዳል።

«ሞተሃል?» አልኩት። ከድንጋጤ የተነሳ ሌላ ጥያቄ አልመጣልኝም።

«ቆይ፣ ልጠይቅ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። መልሶ ገለጠው። «አልሞትክም ይላሉ። አንቺ ማነሽ?»

«ለቃለ መጠይቅ የመጣሁ ነኝ።»

«ታዲያ እኮ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅሽ። አልፈሻል።»

ሻሼን ፈትቼ አንገቱ ላይ ጫንኩት። ደሙ በጣቶቼ መሃል ሞቀኝ። ሳቁ ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ። አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሰዎች ደርሰው እስኪያነሱት ድረስ ሻሹን አልለቀቅኩትም።

ወደ ቃለ መጠይቁ የገባሁት እጄ ደም እንደ ሆነ ነው። ፕሮፌሰሩ አጭር፣ ፈጥነው የሚቆጡ ሰው ነበሩ። እጄን አዩ።

«ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«ሮጡ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ሮጥኩ። ግን ወደ ታች።»

ስለ ኤሌክትሪክ ሁለት ነገር ጠየቁኝና ተቀበሉኝ።

ያ ወጣት የእሳቸው የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ ፊውዝ ይሉታል፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ከሁሉም በፊት የሚቃጠለው እሱ ነውና።

ወንድሜ በያጅ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እናቴንና እኔን ያኖረን በብየዳ ነበር። ኤሌክትሪክ ምን እንደ ሆነ መጀመሪያ ያስተማረኝም እሱ ነው። ልጅ ሳለሁ ከወርክሾፑ ጥግ በርጩማ ላይ ያስቀምጠኝና ወፍራሙን ገመድ እያሳየ፣ «ይቺ ተኝታለች ብለሽ እንዳታምኛት፤ እባብ ናት። ማን እንደ ቀሰቀሳት ሳታውቂ አትንኪያት» ይለኝ ነበር። ፊዚክስ የመረጥኩት እባቡን ለማወቅ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስይዝ ወርክሾፑን ዘግቶ፣ ሰፈሩን ሁሉ በፒካፑ እየዞረ ጥሩምባ ነፋልኝ።

ግን እጁ ከአፉ ይቀድማል። ሲወድም በእጁ ነው፤ ሲቆጣም በእጁ ነው። ቤታችን ውስጥ ያልተሰበረና ያልተበየደ ወንበር አልነበረም።

ሁለተኛ ዲግሪዬን እንደ ጨረስኩ ዶክትሬት ልቀጥል መሆኔን ነገርኩት።

«በቃሽ» አለኝ። «ዶክተር ሆነሽ ማን ሊያገባሽ ነው? ሚኒስትር?»

«ሚኒስትር ካመጣህልኝ እናያለን።»

«ብረታ ብረት የሚሸጥልኝን ጓደኛዬን ታውቂዋለሽ። ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

«የማንን ቃል ነው የሰጠኸው ጋሼ?»

ጥፊው ከየት እንደ መጣ አላየሁም። ቀለበቱ ጉንጬን ሰነጠቀው። ክፍሌ ገብቼ ቆለፍኩ፤ በሩን በመዶሻ ገነጠለው። መጻሕፍቴን በመስኮት ወረወራቸው። ፀጉሬን ጨብጦ ከግድግዳው ጋር ሲያጋጨኝ እናቴ ከኋላው ሸሚዙን እየጎተተች «ተው ልጄ፣ ተው የኔ ጌታ» ትለዋለች። እሷን አንድ ጊዜ በክርኑ ገፋት፤ ወደቀች። ያኔ እሱም ቆመ። እናቴን አንስቶ አልጋ ላይ አስተኛትና ወጥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ በሩን ጠገነው።

ለዶክትሬት መግቢያ ፈተና የተቀመጥኩት አንድ ዓይኔ አብጦ ተዘግቶ ነው። ፈታኙ ፊውዝ ነበር። ወረቀቱን ሲያድለኝ ፊቴን አየ፤ አለፈ። ጥቂት ቆይቶ በፕላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ፈተናው ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ምን ነካሽ?»

«በር መታኝ።»

ጉንጬን ትክ ብሎ አየው። «በሩ ቀለበት ያደርጋል?»

ልስቅ ፈልጌ ነበር። የመጣው ግን ልቅሶ ሆነ። አልነካኝም፤ አላባበለኝም። ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዙሮ፣ የሚያልፍ ሰው እንዳያየኝ እስክጨርስ በቁመቱ ጋርዶኝ ቆመ።

ፈተናውን አለፍኩ። ወንድሜ በፒካፑ አልዞረም፤ ጥሩምባም አልነፋም።

የምንሠራበት መሣሪያ አመል ነበረው። ሻንጣ የሚያካክሉ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ ቀስ እያሉ ይጠጣሉ፤ ሲለቁት ግን በአንድ ጥቅሻ ነው። ያን ጊዜ በጋዙ ውስጥ ሐምራዊ መብረቅ ይወለዳል፤ የምናጠናው ያንን መብረቅ ነው። ካፓሲተሮቹ የታጠሩት በወፍራም ሽቦ ነበር። ሲሞሉ እንደ ንብ ስለሚያጉረመርሙ አጥሩን ቀፎ እንለዋለን።

ቀፎው አንድ ሕግ አለው። መሣሪያውን የሚያስነሳው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ወደ ቀፎው የሚገባ ሰው ያንን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ይገባል፤ እሱ ውስጥ ሳለ ማንም እንዳያስነሳው ነው። ፕሮፌሰሩ ሕጉን ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም አጽፈውታል። ጠዋት ሲገቡ «እንደምን አደራችሁ» አይሉንም። «ቁልፉ የት ነው?» ይሉናል።

አንድ ቀን ፊውዝ መፍቻውን ይዞ ቀፎው በር ላይ ቆመና ቁልፉን ዘረጋልኝ። ጥቁር ክር አስሮለታል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቁልፍ።»

«ኪስህ ነው የሚገባው።»

«ኪሴ ቀዳዳ ነው።»

«ውሸታም!»

«እሺ፣ ቀዳዳ አይደለም።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልቻለም። «ቀለበት ብሰጥሽ ማንም የሚሰጠውን ነው የሰጠሁሽ። እኔ ጋ ያለው ይሄ ነው። ውስጥ ስገባ ነፍሴ አንቺ ጋ ትቆይ።»

«ይሄ የጋብቻ ጥያቄ ነው ወይስ ሕይወትህ አስጠልቶህ ነው?»

«እሱን አንቺ ወስኚው።»

ተቆጣሁት። ቀዩን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። እስክጨርስ ሰማኝ፤ እጁን ግን አልሰበሰበም። በመጨረሻ ክሩን ተቀብዬ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። ከዚያ ወዲህ እሱ ቀፎው ውስጥ ሲሆን እኔ ለመሣሪያው ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቁልፉን በቡጢዬ ጨብጬ እቀመጣለሁ። ሌሎች ጥንዶች ሲኒማ ይገባሉ። እኛ መዋደዳችን እንደዚህ ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም።

አንድ ማታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኘኝ። እጄን እንኳ አልያዘም፤ ስለ ፕሮፌሰሩ የኮት ቁልፎች እያወራ ያስቀኝ ነበር። የወንድሜ ፒካፕ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። የመኪናውን በር ሳይዘጋ መጣ።

«ይሄ ነው?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እባክህ፣ ሰው አለ…»

የመጀመሪያው ቡጢ የፊውዝን መነጽር ፊቱ ላይ ሰበረው። ሁለተኛው አንበረከከው። ከዚያ በእርግጫ ሆነ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ፈቀቅ አሉ እንጂ አልገቡም። ፊውዝ አንድ ጊዜም እጁን አላነሳም፤ ጭንቅላቱን ብቻ በክንዶቹ ሸፈነ። ወንድሜ ሲደክመው ጎንበስ ብሎ «እህቴ አጠገብ ሁለተኛ ባገኝህ እገድልሃለሁ» አለው። በእርጋታ ነበር የተናገረው። እኔን ያስፈራኝ ያ እርጋታ ነው።

በማግስቱ ከንፈሩ ተሰፍቶ መጣ።

«ለምን አልመታኸውም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ያለ መነጽር አላይም። ስቼ አንቺን እንዳልመታ ፈራሁ።»

«አትቀልድ!»

«አልቀለድኩም» አለኝ። «በቤታችሁ የሚመታ ሰው ሞልቷል። እኔ ሌላ ሆኜ ልገኝልሽ።»

ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ቤት አልተመለስኩም። የሴቶች ማደሪያ ገባሁ። እናቴ ስልኬን ማንሳት አቆመች።

ወንድሜ ወደ ምድር ቤቱ የመጣው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ክፍሉ ስለታፈነ የውጩን በር ከፍተነዋል። ፊውዝ ቀፎው ውስጥ የላላ ማሰሪያ እየቀየረ ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ወንድሜ ሲገባ እጁ ላይ የወርክሾፑን መዶሻ አየሁ።

«ውጣ!» ብዬ ወደ ቀፎው ጮኽኩ።

ፊውዝ ወደ በሩ ዘለለ። ወንድሜ ቀደመው፤ በሩን በእርግጫ ሲመታው ብረቱ የፊውዝን ግንባር አግኝቶ ወደ ውስጥ መለሰው። መወርወሪያውን ከውጭ ዘጋ፤ የመዶሻውን እጀታ አሻግሮ ሰነቀረበት።

«ከእህቴ ጋር ምድር ቤት ተቆልፈህ ትውላለህ አሉኝ። እንግዲህ ተቆለፍ!»

ሄጄ እጀታውን ልነቅል ስል በአንገቴ ክር ያዘኝ። ክሩ ሥጋዬን ቆርጦ ተበጠሰ፤ ቁልፉ እጁ ላይ ቀረ። አየው። ከዚያ የመሣሪያውን ሰሌዳ አየ፤ የቁልፉን ቀዳዳ፣ ከላዩ ያለውን የመብረቅ ምልክት፣ ከኋላው ወደ ቀፎው የሚገቡትን ወፍራም ገመዶች። ገመዶቹን በዓይኑ ሲከተላቸው አየሁት። ልጅ ሳለሁ በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ አየው የነበረው አስተያየት ነው።

«አትንካው!» አልኩ።

ያ ቃል መንገዱን አሳየው። ቁልፉን ከተተና አዞረው።

ቀፎው ማጉረምረም ጀመረ።

ዘለልኩበት። የእጁን አንጓ ነክሼ ደሙን አፌ ውስጥ ቀመስኩት። ጭንቅላቴን ከሰሌዳው ጋር አጋጨው፤ ግንባሬ ተተርትሮ አንዱ ዓይኔ በደም ተሸፈነ። ወደቅሁ። ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ፤ በሌላው እግሩ ጎኔን ረገጠኝ። አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ፤ የጎድን አጥንቴ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ከቀፎው ውስጥ ስሜ ተጠራ። ድምፁ ጩኸት አልነበረውም።

«ስሚኝ፣ የኔ ዓለም። አንዱን ማሰሪያ ፈትቼዋለሁ። ከሞላ ሁሉም ይፈነዳል። አሁኑኑ ባዶ ማድረግ አለብኝ።»

በምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ጫፉ መዳብ የሆነ፣ ከምድር ጋር የተያያዘ ረጅም ዘንግ አለ። በባዶ ካፓሲተር ላይ ሲያሳርፉት ድምፅ የለውም። በተሞላ ላይ ሲያሳርፉት ግን የያዘውን ሰው አይምርም።

«አይሆንም!» አልኩት። «ጥግ ላይ ተኛ! እኔ አጠፋዋለሁ!»

«አትደርሺም። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ወንድሜ እግሩን ከእጄ መንጭቆ ዞሮ አየው። በሽቦው ውስጥ ተያዩ። ወንድሜ እጁን ወደ ቁልፉ ሲመልስ አየሁ ልል እፈልጋለሁ፤ አላየሁም።

ነጭ ብርሃን ከሽፋሽፍቴ አልፎ ገባ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ።

ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ የለም። ተጎትቼ ሄጄ መዶሻውን ነቀልኩ። ፊውዝ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ከጓንቱ ጋር ተጣብቆ ጠቁሯል። ከቀኝ ጆሮው ደም ይፈሳል። ቀና ብሎ ደም የለበሰ ፊቴን አየና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ሞተሻል?» አለኝ።

ወንድሜን የያዙት ወርክሾፑ ውስጥ ነው፤ የሰው አጥር እየበየደ ነበር አሉ።

ፊውዝ ሁለት ጣቶቹን አጣ፤ ቀኝ ጆሮውም መስማት አቆመ። እኔ ገና ጎኔ እንደ ታሰረ ዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ሰየመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ነገሩን ሳያሽሞነሙኑ ነገሩኝ፤ ቁልፉን አሳልፎ የሰጠ ይባረራል። አንድ የውጭ ሰው ሆን ብሎ ለመግደል ያደረገው መሆኑ በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ ግን ነገሩ የወንጀል እንጂ የተማሪ ጥፋት አይሆንም።

ወንድሜ ለፖሊስ «የመብራት ማብሪያ መስሎኝ ነው» ብሏል። ቁልፉን ሲያዞር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ፊውዝ ያኔ በሩ መትቶት ገና አልተነሳም ነበር። እኔም እንደሱ ካልኩ ወጥቶ ይሄዳል፤ ፊውዝ ይባረራል። እውነቱን ከተናገርኩ ወንድሜ እስር ቤት ይገባል።

እናቴ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ መጣች። ልታቅፈኝ መስሎኝ ተነሳሁ።

«ወንድምሽን ልትበዪው ነው?» አለች። «ያበላሽን እጅ?»

«እማዬ፣ ግንባሬን እይው።»

«አይቼዋለሁ። ግንባር ይድናል።»

ፊቴን አዞርኩ። በሕይወቴ መትታኝ የማታውቅ እናቴ በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ ራሷ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች።

ለፊውዝ በግራ በኩል ተቀምጬ ነገርኩት።

«እኔ ብባረር ሌላ ዩኒቨርሲቲ እፈልጋለሁ» አለ። «ወንድም ግን ሌላ ቦታ አይገኝም።»

«አንተስ ሌላ ቦታ ትገኛለህ?»

ደህናውን እጁን ዘርግቶ ከግንባሬ ስፌት በላይ ያለችውን ፀጉር ወደ ኋላ አደረጋት።

ፍርድ ቤቱ ጠባብ ነበር። ወንድሜ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ዳኛዋ ብዙ ጠየቁኝ፤ ሁሉም ወደ አንዱ ነገር የሚወስድ ነው።

«ወንድምሽ ቁልፉን ሲያዞር ሰው ሊገድል እንደሚችል ያውቅ ነበር?»

ወንድሜ አየኝ። እንደ ልጅነታችን አየኝ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

«ያውቅ ነበር» አልኩ። «በርጩማ ላይ አስቀምጦ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ከቆመበት ዘሎ የፊቱን እንጨት በቡጢ ሲመታው ተሰነጠቀ። ሦስት ፖሊሶች ያዙት። «እህት የለኝም!» እያለ ነው ያወጡት። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ሳታየኝ፣ ተከትላው ወጣች።

አልተባረርንም። ፕሮፌሰሩ ሁለታችንንም ፊታቸው አቁመው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኹብን። «ፍቅር ሌላ ክፍል ውስጥ አይሠራም? ቤተ መጻሕፍት የለም? ሞኞች!» ስንፈራረም ምስክር የሆኑትም እሳቸው ናቸው፤ እያጉረመረሙ። በእኔ በኩል ሌላ ሰው አልነበረም። ባሌ በግራ እጁ መጻፍ ተማረ። የመመረቂያ ጽሑፉን ሲከላከል ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ እንደ ሕፃን እያጣመመ ጻፈው፤ ፈታኞቹም ታግሠው ጠበቁት። እኔ ከእሱ በኋላ ጨረስኩ። እዚያው ትምህርት ክፍል፣ ፊት ለፊት ባሉ ሁለት ቢሮዎች አስተማርን።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዓመታት አልጽፋቸውም፤ የእኔ ናቸው። በሽታው ሲመጣ እንደ ፍንዳታ አልመጣም። ቀስ ብሎ መጣ፤ ቀስ ብሎ ወሰደው።

በተቀበረ ቀን ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ወደ መቃብሩ ቦታ መውጫ ስደርስ፣ ከአጥሩ ውጭ አንድ ሽበታም ሰው ቆሞ አየሁ። ከትከሻው ለየሁት። ከእስር ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ተገናኝተን አናውቅም። ያለሁበት ቆምኩ።

«አልጠጋሽም» አለኝ። «እዚሁ ነኝ።»

ዓይኔን ከእጆቹ ላይ አላነሳሁም።

«ባልሽ እስር ቤት ይጠይቀኝ ነበር።»

«ውሸት ነው» አልኩ።

«ብርቱካን ያመጣል። በደህናው ጆሮው በኩል ያስቀምጠኛል። እኔ አልናገርም፤ እሱም አይናገርም። ብርቱካኑን በዚያች ጣቶቿ በተቆረጡ እጁ እየላጠ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ እጁን እያየሁ መብላት አለብኝ። ሊፈቱኝ ሲሉ አንዴ ብቻ ተናገረ። ‹ስትወጣ እሷ ሳትጠራህ ቤታችን እንዳትመጣ› አለኝ። አልጠራሽኝም። አልመጣሁም።»

«ታዲያ ዛሬ ማን ጠራህ?»

«ዛሬ ወዳንቺ አልመጣሁም» አለ። «ወደ እሱ ነው የመጣሁት። እምቢ ካልሽ እመለሳለሁ።»

ባሌ ለዓመታት ከእኔ የደበቀው ነገር ይህ ብቻ እንደ ነበር አምናለሁ። ለምን እንደ ደበቀኝም ገባኝ፤ እንድምር እንዳያስገድደኝ ነው።

ከበሩ ዞር አልኩለት።

በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬ እንደ ልማዱ ሽቅብ ተሰበሰበ። መሸማቀቄን አየ። ሁለቱንም እጆቹን ኪሶቹ ውስጥ ከተተ፤ ወደ አጥሩ ተጠግቶ፣ ቀስ ብሎ አለፈ።